ኤጂአይ ለመሥራት ምን ቀረ? ጥያቄና መልስ

የኒውራል ኔትወርክ (በአንጎል አምሳል የተሠራ፣ ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ትውስታ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ኤጂአይ፣ ማለትም ሰው በአእምሮው የሚሠራውን ሁሉ ስለሚችል ማሽን፣ ጠይቁኝ። «መቼ ይደርሳል?» የሚለውን ተዉት። ቀን የሚቆርጥላችሁን አትመኑ።

የማታ ተማሪ፦ ዋናው የጎደለው ምንድን ነው?

መልስ፦ እየሠሩ መማር። የዛሬዎቹ ሞዴሎች፣ ማለትም እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የኤአይ ፕሮግራሞች፣ ሥልጠናቸው ሲያልቅ ውስጣቸው ይቆለፋል። ዛሬ ያረምከውን ስህተት፣ ማስታወሻ ካልተያዘላቸው፣ ነገ በአዲስ ጭውውት ይደግሙታል። «በየቀኑ እናሠልጥነው» እንዳትል፤ አዲሱ ሲገባ የድሮው ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ ማክሎስኪና ኮኸን በ1989 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ትንሽ ኔትወርክ በ1 መደመርን አስተማሩት። ቀጥለው በ2 መደመርን ሲያስተምሩት የመጀመሪያውን ረሳ። በ2017 የጉግል ኤአይ ድርጅት ዲፕማይንድ ለድሮው ትምህርት የሚያስፈልጉትን ክብደቶች (የተማረውን የሚይዙ የኔትወርኩ ውስጣዊ ቁጥሮች) ብዙ እንዳይለወጡ የሚይዝ ዘዴ አወጣ። ረድቷል፣ ግን አልፈታውም። እኛ ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለን፤ የዕለቱን ቶሎ ይይዝና ቀስ በቀስ፣ በተለይ በእንቅልፍ ሰዓት፣ ለኮርቴክስ (ለአንጎል የውጭ ሽፋን) ያስረክባል። ለማሽን እንዲህ ያለ አስተማማኝ ርክክብ ገና አልተሠራም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ኮደሩ፦ ኮንቴክስት ዊንዶው (ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያየው የጽሑፍ መጠን) ቢሰፋስ?

መልስ፦ ደብተር የያዘ ሁሉ ተምሯል አይባልም። ጭውውቱ ሲዘጋ ደብተሩም ይዘጋል።

አዲስ ገቢ፦ መቼ ይደርሳል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሮቦት ወዳጅ፦ ትልቁ ጉድለት አካል ነው። ብርጭቆ ጨብጦ የማያውቅ ስለ ብርጭቆ ምን ያውቃል?

ኮደሩ፦ ጎ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወተው ፕሮግራም አልፋጎ በ2016 ሻምፒዮኑን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲረታ እጅ ነበረው እንዴ?

ሮቦት ወዳጅ፦ ጎ እኮ ሕጉ የታወቀ ጨዋታ ነው። ኩሽና እንደዛ አይደለም።

መልስ፦ ይሄን ለብቻው ተከራከሩበት። ኩሽና የገባው ሮቦትም የዛሬውን ካልያዘ ነገ ያው ነው።

የማታ ተማሪ፦ የኦፕንኤአይ ሞዴል ኦ3 የተመራማሪውን የፍራንሷ ሾሌን አርክ ፈተና አልፏል ተብሎ የለ?

መልስ፦ አርክ በ2019 የወጣ የባለ ቀለም ሳጥኖች እንቆቅልሽ ነው። ኦ3 በታኅሣሥ 2024 ከ75 በመቶ በላይ አመጣ። በመጋቢት 2025 ሁለተኛው አርክ ሲወጣ የወቅቱ ሞዴሎች ከ10 በመቶ በታች ወረዱ። ቀን ለሚቆርጡት ያልኩትን እዚህም እደግማለሁ፦ በአንድ ፈተና ውጤት «ደረሰ» አትበሉ።

አዲስ ገቢ፦ ንቃተ ህሊናስ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ሮቦት ወዳጅ፦ ታዲያ መፈታቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ሰኞ አዲስ ሥራ አስተምረው። ዓርብ፣ ማስታወሻ ሳትሰጠው፣ በአዲስ ጭውውት አሠራው። ከዚያ የድሮ ሥራዎቹን በሙሉ ፈትን። የሚዘለለው ይሄ የመጨረሻው ነው።