የሎክ ፋይሉን ከመሰረዝዎ በፊት

ጠያቂያችን ሁለት ብራንቾችን (የኮዱን ትይዩ ቅጂዎች) መርጅ ካደረጉ፣ ማለትም ካዋሃዱ በኋላ ፕሮጀክታቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን እየሠራ፣ በቢልድ ሰርቨሩ (ኮዱን በሚገነባው ማሽን) ላይ ግን «ኤንፒኤም ሲአይ» የተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ ትዕዛዝ፣ ፓኬጅ ጄሰን (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች ዝርዝር) እና ፓኬጅ ሎክ (የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበው ሎክ ፋይል) አይጣጣሙም ብሎ እንደሚቆም ገልጸው፣ የሎክ ፋይሉን ሰርዘው እንደ አዲስ ቢፈጥሩት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

እባክዎ አይሰርዙት። በኮምፒውተርዎ ላይ ችግሩ ያልታየው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ልዩነት ሲያገኝ ሎኩን ራሱ ስለሚያስተካክል ነው፤ «ኤንፒኤም ሲአይ» ግን ፋይሉን ፈጽሞ ስለማይነካው ልዩነቱን ሲያይ ሥራውን ያቆማል። ሎኩ ከጠፋ በፓኬጅ ጄሰን ውስጥ የሚቀረው የቨርዥን ወሰን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «^4.17.0» ተብሎ የተጻፈ ጥገኛ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበት ፓኬጅ) ከ5.0.0 በታች ያለውን ማንኛውንም አዲስ ቨርዥን ይቀበላል። በመሆኑም እርስዎ በስም የማያውቋቸው፣ በሌሎች ፓኬጆች በኩል የገቡ ጥገኞች ጭምር በአንድ ጊዜ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ምክንያቱን መለየት እጅግ አድካሚ ነው።

በመጀመሪያ የፓኬጅ ጄሰንን ግጭት በእጅዎ ፈትተው ከሁለቱም ብራንች የሚያስፈልጉት ጥገኞች መኖራቸውን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ሎኩን በዋናው ብራንች ላይ እንዳለ በ«ጊት ቼክአውት» ይመልሱና «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ይበሉ፤ የተመዘገበውን እንደያዘ የጎደለውን ብቻ ይጨምራል። ኮሚት ከማድረግዎ (ለውጡን በጊት ከመመዝገብዎ) በፊት የተለወጡትን መስመሮች የሚያሳየውን «ጊት ዲፍ»ን በጥሞና ይመልከቱ፤ ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የሚታየው ለውጥ ከጨመሯቸው ፓኬጆች ጋር የሚመጣጠን ሊሆን ይገባል። ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ተለውጦ ከሆነ በላይኛው ክፍል ያለውን «ሎክፋይል ቨርዥን» ያንብቡ፦ አዲስ ሎክ ሲፈጥሩ ኤንፒኤም 6 በ1፣ 7 እና 8 በ2፣ 9 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ደግሞ በ3 ስለሚጽፉ፣ ቁጥሩ ተለውጦ ከሆነ የቡድንዎ አባላት የተለያየ ኤንፒኤም እየተጠቀሙ መሆናቸውን ይጠቁማል። ሁሉም በአንድ ቨርዥን ይስማሙ። በመጨረሻም «ኤንፒኤም ሲአይ»ን እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስኪዱት፤ ፓኬጆቹ የተጫኑበትን የኖድ ሞጁልስ ፎልደር አጥፍቶ ከሎኩ ብቻ ስለሚጭን ሰርቨሩ የሚያደርገውን ያሳይዎታል። ከተሳካ ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ኮሚት ያስገቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በሰርቨሩ ላይ ያው ስህተት ከቀጠለ፣ ከባልደረቦችዎ አንዱ «ሌጋሲ ፒር ዴፕስ» የሚለውን (ፓኬጆች አብረዋቸው እንዲጫኑ የሚጠይቋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ችላ የሚለውን) አማራጭ ተጠቅሞ ጭኖ እንደሆነ ይጠይቁ። ሎኩ በዚህ አማራጭ ከተፈጠረ «ኤንፒኤም ሲአይ»ም ያንኑ አማራጭ ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ ቅንብሩን በፕሮጀክቱ የኤንፒኤም አርሲ ፋይል ውስጥ ጽፈው ከኮዱ ጋር ኮሚት ያድርጉት።