ኋላ ማርሽ የሚጮኽ ቮልስ፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ምን ይታይ?

ጥያቄህ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስዋገን ቢትል ነው፤ ኋላ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ በአንደኛ ሲነሳ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያየው መካኒክም «ሸራው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሏል። ሸራ ማለት ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። ወንድሜ፣ ሞተሩን ለማስወረድ አትቸኩል።

ያለቀ ሸራ ምልክቱ ሌላ ነው። ሸራው ሲሳሳ እሱን የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌት ወደ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይጠጋል፣ የውስጥ ጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ፔዳሉ ሲረገጥ ወደሚገፋቸው ሪሊዝ ኩሽኔታ ይመጣሉ። ስለዚህ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ (ሳይከብድ የሚሄደው) እየጠበበ ሄዶ ያልቅና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጥ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቀራል። የአንተ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፔዳሉ ተረግጦም ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ሁለቱን ሳይለዩ ሸራ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ካቦው (ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው የብረት ገመድ) ያመጣውን ችግር አዲስ ሸራ አያስተካክለውም።

መጀመሪያ ይህን አረጋግጥ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ርገጥ፣ አራት አምስት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ኋላ ማርሽ አስገባ። ኋላ ማርሽ ሲንክሮ (የማርሾችን ዙር የሚያመሳስል) ስለሌለው ሸራው ትንሽ እንኳ እየዞረ ከሆነ ይናገራል። ከጠበቅህ በኋላ ዝም ብሎ ከገባ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፤ ችኮላህ ነው ያስጮኸው። አሁንም ከጮኸ ወደ ካቦው እንሂድ።

የፔዳሉን ባዶ ጉዞ በእጅህ እየገፋህ በማስመሪያ ለካ፤ እግር ይህን አይለይም። ከፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ የጉዞው ጉልበት ካቦውን በማጥበቅ ብቻ ያልቃል። ማስተካከያው ከካምቢዮው በግራ በኩል ካቦው በሚስበው ሌቫ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። የፊት ጎማዎቹን ቆልፍ፣ የኋላውን ግራ ጎማ አውጣ፣ መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግባ። ዳዶውን ስታዞር የካቦውን ጫፍ በፒንሳ ያዝ፣ አለዚያ አብሮ ተጠማዞ ክሮቹ ይበጠሳሉ። ስትጨርስ የዳዶው ክንፎች ሌቫው ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ መቀመጣቸውን እይ።

ዳዶውን አጥብቀህ በጥቂት ቀን ባዶ ጉዞው ከተመለሰ ካቦው እየተበጠሰ ነው ወይም በመኪናው ወለል መሃል ባለው ቱኔል ውስጥ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ብየዳው ለቋል። ይህንን ብዙ ሰው ስለማያየው በተለይ ልብ በል። አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ፣ አንተ ከሥር ሆነህ ከሻንሲው የሚወጣውን የቱቦ ጫፍ ተመልከት። ቱቦው በእያንዳንዱ ርግጫ ወደ ኋላና ወደ ፊት ከተንቀሳቀሰ ብየዳው ለቋል፤ የትኛውም የዳዶ ማስተካከያ አይረጋም። ቱቦው ጸጥ ብሎ ካቦው ብቻ የሚሳብ ከሆነ የካቦውን ጫፎች እይ፤ በተለይ ፔዳሉ ዘንግ ላይ በሚንጠለጠልበት መንጠቆ በኩል። መንጠቆው ሲበላ ካቦውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ካቦ ስትቀይር እሱንም አውጥተህ እይ።

መንቀጥቀጡ ከዚሁ አካባቢ ሊመጣ ይችላል። ከሻንሲው እስከ ካምቢዮው ካቦውን የሚያለብሰው ተጣጣፊ ቱቦ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም፤ ታስቦበት ጎበጥ ተደርጓል። ከሁለቱ ጫፎች ቀጥ ያለ ዘንግ ዘርግተህ ብትለካ መሃሉ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወርዶ መገኘት አለበት። ያ ጉብጠት ካቦውን በትንሹ እያሻሸ ይይዘዋል፤ ሲጠፋ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ እየነጠቀ ይለቃል፣ መኪናውም ይንቀጠቀጣል። ከመጠን በላይ ከጎበጠ ደግሞ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ካቦውም ቶሎ ይበላል። የሚስተካከለው ቱቦው ካምቢዮው ላይ በሚያርፍበት ጫፍ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው።

ጉብጠቱ ልክ ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልቆመ የካምቢዮውን ሱፖርቶዎች (የሚሸከሙትን ጎማ ያላቸው መደገፊያዎች) በብረት ዘንግ ከፍና ዝቅ አድርገህ ፈትን፤ ጎማው ከብረቱ ከተላቀቀ ሞተሩና ካምቢዮው በእያንዳንዱ መነሻ ይወዛወዛሉ። እዚያው ሳለህ ሌቫውን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ብዙ ከተወዛወዘ የዘንጉ ቡሽ አልቋል፤ እሱ ሞተር ካልወረደ አይቀየርም።

ድምፁንም አዳምጥ። ፔዳሉን ባዶ ጉዞው እስኪያልቅ በጣትህ ብቻ ነካ ስታደርግ ከጮኸ ሪሊዝ ኩሽኔታው ነው። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ፔዳሉን ሳትነካ ጮኾ ስትረግጥ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው። የመጨረሻው አሳሳች ነው፦ ባዶ ጉዞው ልክ ሆኖ፣ ሌቫውም ሙሉ በሙሉ እየሄደ ኋላ ማርሽ አሁንም ከጮኸ፣ ፍላይዊሉን የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ውስጥ ያለው ትንሽ ሮለር ኩሽኔታ ደርቆ የካምቢዮውን ዘንግ አብሮ እያዞረው ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ መኪና ከሆነ ደግሞ ሸራው ፍላይዊሉ ላይ ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ነው ሞተር የሚወርደው። ሲወርድ ዘይት ካየህ በጠረኑ ለየው፤ የማርሽ ዘይት የሰልፈር ሽታ አለው፣ የመጣው ከካምቢዮው ፓራዮሊ (የዘይት ማገጃ) ነው። የሞተር ዘይት ከሆነ ከፍላይዊሉ በስተኋላ ያለው ፓራዮሊ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ቀይረው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በአየር አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ዕቃ ስትገዛ ፍላይዊልህን ለካ፤ ሸራው 180 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ነው። እስከ 1970 ሞዴል ያለው ሪሊዝ ኩሽኔታ በክሊፕ ሌቫው ላይ የሚያዝ ሲሆን፣ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በመሪ ቱቦ ላይ የሚንሸራተት ነው። የድሮው መሃሉ ላይ ቀለበት ያለው ፕሬሸር ፕሌት ይፈልጋል፣ አዲሱ ቀለበት አይፈልግም። ሁለቱ ከተደባለቁ ኩሽኔታው ቶሎ ይሞታል። ፕሬሸር ፕሌቱን የሚያስሩትን ስድስት ብሎኖች በተቃራኒ እየተሻገርክ ጥቂት በጥቂት አጥብቃቸው፣ መጨረሻቸው 25 ኒውተን ሜትር ነው። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀህ ወደሌላው ከሄድክ ፕሌቱ ይጣመማል፣ ያ ደግሞ አዲስ መንቀጥቀጥ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የፔዳሉን ባዶ ጉዞ ደግመህ ለካ።