«አልኮል» የሚለው ቃል ከካርዱ ይውጣልን ለተባለችው ተማሪ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጤና መረጃ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ነሽ፤ ለተግባር ልምምድ ደሴ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተመድበሽ ሳለ አንድ ካርድ እንቅልፍ ነሥቶሻል። ሌሊት ሰክሮ የመጣ ወጣት ካርድ ነው። ሐኪሙ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ «የአልኮል ስካር» ብቻ ጽፎ ፈርሟል፤ አንቺም «ያልተወሳሰበ ስካር» የሚለውን የበሽታ መለያ ኮድ፣ ኤፍ 10.00ን፣ ሰጥተሽ አስረከብሽ። ኃላፊሽ ግን ካርዱን መልሳ «የነርሷን ማስታወሻ አላየሽውም?» አለችሽ። በማግስቱ ደግሞ የልጁ ታላቅ ወንድም አባትሽን አግኝቶ «አልኮል የሚለው ቃል ይውጣልን፣ ቤተሰቡ ይዋረዳል» ብሎ ለመናቸው፤ አባትሽም «የሰው ገበና መሸፈን ጽድቅ ነው» አሉሽ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ «ሥራው ለእኔ አይሆንም ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ከወንድሙ ልመና ልጀምር፤ እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። አባትሽ የጠየቁሽ ነገር ትክክል አይደለም፤ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ «አይሆንም» በያቸው። የልጁ ገበና የሚሸፈነው ካርዱ ለማይመለከተው ሰው እንዳይታይ፣ ያነበብሽውም ቡና ላይ እንዳይነሣ በማድረግ ነው። ለእኔ ስትጽፊም ስሙን አለማንሣትሽ ጥሩ አድርገሻል። ሐኪም የጻፈውን ቃል ማውጣት ግን የአንቺም፣ የኃላፊሽም፣ የቤተሰቡም ሥልጣን አይደለም። ስሕተት ከተገኘ እንኳ የጻፈው ባለሙያ ራሱ በአንድ መስመር ሰርዞ፣ የተሰረዘው እየተነበበ፣ ቀንና ፊርማ አኑሮ ያርመዋል እንጂ ማንም ገጹን አይቀድም።

ይህን ያህል የምጠነክርበት ምክንያት አለኝ። እኔም ሥራ የጀመርኩት በካርድ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን አንድ የቀን ሠራተኛ ሰክሮ መጥቶ አድሮ ወጣ፤ ሐኪሙ «ስካር» ብሎ ጽፎ ነበር፣ እኔም የስካር ኮድ ሰጠሁት። በትሪያጅ (ሕመምተኛው ሲገባ በሚታይበት ክፍል) ወረቀቱ ጥግ ላይ ግን «ከደረጃ ወድቋል፣ ከግራ ጆሮው በላይ አብጧል» የሚል በቀጭን እስክሪብቶ የተጻፈ መስመር ነበረ፤ አላነበብኩትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ራሱን እያመመው፣ ቀኝ እጁ እየሰነፈበት ተመልሶ መጣ። ተረኛው ሐኪም ካርዱን ሲገልጥ ያገኘው «ስካር» የሚል ቃል ብቻ ስለነበር ዳግመኛ ጠጥቶ የመጣ መሰለውና ግማሽ ቀን አለፈ። መውደቁን የተናገረችው ሚስቱ ናት፤ ራስ ቅሉ ውስጥ ደም መቋጠሩ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ኮድ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይቼ ኮድ ሰጥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አንቺው ካርድ። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ በአይሲዲ 10 ውስጥ፣ ከኤፍ 10.0 ቀጥሎ የሚመጣው አሐዝ ጌጥ አይደለም። ዜሮው ስካሩ ምንም ሳያስከትል ሲቀር ነው፤ ጉዳት ካለ ኤፍ 10.01፣ ሌላ የሕክምና ችግር ካለ ኤፍ 10.02፣ መቃዠት ካለ ኤፍ 10.03፣ ራስን መሳት ካለ ኤፍ 10.05፣ መንቀጥቀጥ ካለ ኤፍ 10.06 ይሆናል። ችግሩ ራሱም የየራሱ ኮድ አለው፤ የራስ ቅል ውስጥ ጉዳት በኤስ 06፣ ትውከት ወደ ሳንባ ገብቶ ያስከተለው የሳንባ ምች በጄ 69.0 ይመዘገባል። የጠጣው ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል መሆኑ ከታወቀ ደግሞ መንገዱ ጭራሽ ይለያል፤ ቲ 51.1 ነው። የደም አልኮል መጠን ተለክቶ ከሆነ በዋይ 90፣ ሐኪሙ የስካሩን ደረጃ በዓይኑ ገምቶ ጽፎ ከሆነ በዋይ 91 ተጨማሪ ኮድ ይሰጣል።

በጻፍሽልኝ መሠረት ነርሷ ልጁ በትውከቱ ታፍኖ እንደነበረ፣ ኦክስጅኑ ወደ 86 በመቶ እንደወረደ መዝግባለች፤ የደረት ራጅ ተነሥቷል፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞልም ታዞለታል። ይህን ያነበበ ሁሉ ጄ 69.0 ለመጻፍ እጁ ይበላዋል። አትጻፊው። በሽታውን የሚሰይመው ሐኪሙ ነው፤ አንቺ ከመድኃኒትና ከራጅ ተነሥተሽ ምርመራ ልትወልጂ አትችዪም። ኃላፊሽም የነገረችሽ ማስታወሻውን እንድታነቢ ይመስለኛል፣ ካነበብሽው ተነሥተሽ እንድትገምቺ አይደለም። የቀረሽ አንድ ነገር መጠየቅ ነው፤ አጠያየቁም ዕውቀት ይፈልጋል። «ዶክተር፣ የሳንባ ምች ብዬ ልጻፈው?» ካልሽ መልሱን አፉ ላይ አስቀመጥሽለት። «ነርሷ ትውከት እንዳፈነው፣ ኦክስጅኑ 86 በመቶ እንደነበረ መዝግባለች፤ ሁለት ፀረ ተሕዋስያን ታዘዋል፤ የታዘዙት ለየትኛው ሕመም ነው?» ብለሽ በጽሑፍ አቅርቢለት። እርሱ በማጠቃለያው ላይ ጨምሮ፣ የጨመረበትን ቀን ጽፎ ሲፈርም ኤፍ 10.02ንም ጄ 69.0ንም ያለ ፍርሃት ትሰጫለሽ። ሐኪሞች ይቆጡብኛል ብለሽ መስጋትሽን አውቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ጥያቄሽ አጭርና ከካርዱ የተነሣ ሲሆን ግን አብዛኛው ቆም ብሎ ያያል።

ይህ ኮድ በዲኤችአይኤስ 2፣ በጤና መረጃ ማጠናቀሪያው ሥርዓት፣ ተጠቃሎ ወደ ላይ ሲሄድ «ያልተወሳሰበ ስካር» ከሆነ፣ ያ ልጅ በኦክስጅን ማደሩን የሚያውቅ የለም፤ የኦክስጅን ሲሊንደርና የተረኛ ነርስ ዕቅድ ደግሞ የሚወጣው ከዚሁ ሪፖርት ነው።

ሥራው ለአንቺ ይሆናል ወይ ላልሽኝ፣ አንድ ካርድ በመሳሳቷ ሌሊቱን ያልተኛች ተማሪ ይህን ሥራ ብትተወው እኔ አዝናለሁ።

አባትሽ «ተምረሽ ካርድ ልትደረድሪ ነው? ነርሲንግ ግቢ» ማለታቸውንም ጽፈሻል። ነርሲንግ የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ልብሽ ሳይኖርበት ሌላ ዓመታት የምታጠፊበት ምክንያት አይታየኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ካርዱ የጠፋበት የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ታሪኩን ከሀ መጀመር ምን እንደነበረ ከጎረቤት ይጠይቁ፤ ካርድ መደርደር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዷቸዋል።

በ45 ሺህ ብር ስለሚሰጠው የአሜሪካ የሕክምና ኮድ አሰጣጥ (ኮዲንግ) ሥልጠና ለጠየቅሽኝ፣ አሁን አትክፈዪ። አሜሪካ የምትጠቀምበት የአይሲዲ 10 ቅጂ፣ አይሲዲ 10 ሲኤም፣ የራሱ አወቃቀር አለው፤ እዚያ ያልተወሳሰበ ስካር ኤፍ 10.120፣ 10.220 ወይም 10.920 የሚሆነው አጠቃቀሙ ጎጂ ነው፣ ጥገኝነት ነው፣ ወይስ አልተገለጸም በሚለው ነው፤ ትውከቱ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ደግሞ ለብቻው ይመዘገባል። ሲፒሲ የተባለውን የአሜሪካ ኮድ ሰጪዎች የብቃት ፈተና የሚያልፍ ጀማሪም ልምዱን እስኪያሟላ ድረስ «ተለማማጅ» የሚል ምልክት ከማዕረጉ ጋር ይቀጠልለታል፤ ስለዚህ በሦስት ወር ዶላር ትቆጥሪያለሽ ያለሽ ሰው አልነገረሽም እንጂ ከፊትሽ ረጅም መንገድ አለ። ገንዘቡ ካለሽ አቆዪው። ትርፍ ሰዓት ካለሽ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውን የአይሲዲ 10 ተተኪ፣ አይሲዲ 11ን፣ ተመልከቺ፤ ስካር እዚያ 6ሲ40.3 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ምደባውን በድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል።

ሰኞ ጠዋት፣ የሐኪሞች ዙር ሳይጀመር፣ ያን ካርድ ከኃላፊሽ አስፈቅደሽ ውሰጂና ጥያቄሽን ጽፈሽ ለሐኪሙ አቅርቢለት። ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ።