አንድ ላፕቶፕ፣ 60 ተማሪ

ሰላም መምህር። «ክፍሌ 60 ተማሪ አለው፤ ያለን አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። በብሮውዘር የሚሠሩት አጫጭር ሲሙሌሽኖች (ስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሠሩ የሙከራ ማስመሰያዎች) ይጠቅሙኛል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። በደንብ ይጠቅምዎታል። እኔም ፊዚክስ የማስተምረው እንደርስዎ ባለ ክፍል ነው።

ኢንተርኔቱ አያሳስብዎ። አሜሪካ ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው የፌት (PhET) ሲሙሌሽኖች ነፃ ናቸው። በኤችቲኤምኤል 5 (ብሮውዘር ያለ ሌላ ፕሮግራም በሚከፍተው ቋንቋ) የተሠሩትን አንዴ ካወረዱ በፍላሽ ይዘው ገብተው ክሮም ላይ መክፈት ነው። እኔ ቅዳሜ አውርጄ ሰኞ እገባለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሙሉውን ክፍለ ጊዜ እኔው እየነካካሁ አሳያቸው ነበር። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ፈተና ላይ ግን የድሮው ስህተት እንዳለ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እገባለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሳይገምቱ ማውሱን አልነካም።

ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሰርኪቱን ሲሙሌሽን ልንገርዎ። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ሁለት ባለ 10 ኦም አምፖሎች በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትዬ በአንድ መስመር) እቀጥላለሁ። ማብሪያውን ገና አላበራውም። «የትኛው አምፖል ይደምቃል?» እላለሁ። ሁሉም ደብተሩ ላይ መልሱንና ምክንያቱን ይጽፋል። ከዚያ እጅ ያወጣሉ። ሁልጊዜ ብዙው እጅ የሚወጣው ለባትሪው ቅርብ ለሆነው ነው። «የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን ይጨርሰዋል» ይላሉ። አልነቅፋቸውም። አንዲት ተማሪ ከኋላ ጠርቼ ማብሪያውን እሷ እንድታበራው አደርጋለሁ። ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል! አሜትሩን (የከረንት መለኪያውን) ከመጀመሪያው አምፖል በፊት ታስገባለች፤ 0.45 አምፒር። ከሁለተኛው በኋላ ታስገባዋለች፤ ያው 0.45። እዚህ ላይ ዝም ይበሉ። ጎን ለጎን ይከራከሩ። የኔን ማብራሪያ በጆሯቸው የሚሰሙት ከዚህ ክርክር በኋላ ነው።

ባትሪውን በባዶ ሽቦ ሲያገናኙት ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ሾርት ሰርኪት ማለት ምን እንደሆነ ያለ አደጋ ያዩታል።

ታዲያ ስክሪኑ ላይ አይቁሙ። በማግስቱ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖሎች ይዘው ይግቡ። አምፖሎቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አደራ ይፈትሹ። ከተለያዩ አንዱ ደምቆ ሌላው ይደክማል፤ ልጆቹም ወደ መጀመሪያው ግምታቸው ይመለሳሉ። እኔን አንዴ ገጥሞኛል፣ ለማስተካከል ሌላ ክፍለ ጊዜ ወሰደብኝ።

መብራት ቢጠፋስ? ግምቱ ደብተር ላይ ስላለ ትምህርቱ አይቆምም። ሰርኪቱን ሰሌዳ ላይ ይሳሉና ክርክሩን ያስቀጥሉ። ማየቱ ለነገ ይደር። ልጆቹ በማግስቱ ገና በር ላይ «ቲቸር፣ የትኛው ነው?» እያሉ ይቀበሉዎታል።