በሽሪምፕ አኳሪየሜ ውስጥ የሚርመሰመሰው ምንድን ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ አኳሪየም (የመስታወት የውሃ ገንዳ) ውስጥ ሳይጠሩ መጥተው ከሽሪምፖቹ (ቅርፊት ካላቸው ትናንሽ የውሃ እንስሳት) ጋር ስለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም! ቼሪ የሚባለውን ቀይ ሽሪምፕ ማርባት ከጀመርኩ 6 ወር ሆነኝ። ሌሊት መብራት ሳበራ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ቀጫጭን ትሎች አያለሁ። ግልገሎቹም እየቀነሱ ነው። ጓደኛዬ ሁሉንም አራግፈሽ በበረኪና እጠቢው ትለኛለች። ልቤ ግን አልፈቀደም።

መልስ፦ ልብሽ ልክ ነው፣ እንዳታራግፊው። ብታጥቢው ውሃውን የሚያጸዱልሽን ባክቴሪያዎችም አብረሽ ትገያለሽ፣ ከዚያ ሽሪምፖቹ ይጎዳሉ። መጀመሪያ ትሉ ማን እንደሆነ እንወቅ። ወንበር ስበሽ ተቀመጪና አካሄዱን ተመልከቺ። እንደ ክር የቀጠነ፣ ውሃው መሀል እየተጥመለመለ የሚሄድ፣ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ብስባሽ የሚበላ ትል ነው። እሱ ሽሪምፕ አይነካም። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ምንም ሳይጥመለመል ሸተት ሸተት የሚል ከሆነ ግን ጠፍጣፋ ትል ነው፤ ያኔ አጉሊ መነጽር አምጪና ጭንቅላቱን እዪ፣ የስልክሽ ካሜራም አጉልቶ ካሳየሽ ይበቃል። ጭንቅላቱ እንደ ቀስት ጫፍ ሦስት ማዕዘን ከሆነና ሁለት ጥቁር ነጥብ የመሰለ ዓይን ካለው ፕላናሪያ ነው። ጭንቅላቱ ድቡልቡል፣ ርዝመቱም 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ራብዶኮይላ የሚባል ትንሽ ዘመዱ ነው፣ አያስፈራም።

ፕላናሪያ ከሆነ ግልገሎቹን የሚጨርሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ገና የተፈለፈለችን ወይም ቅርፊቷን ቀይራ የለሰለሰችን ሽሪምፕ በዝልግልግ ልጋጉ ይይዛታል። አንድ ነገር አደራ፣ በምላጭ አትቁረጪው፣ መስታወቱ ላይም አትጨፍልቂው። ቁራጩ ራስና ጅራት አብቅሎ ሌላ ሙሉ ትል ይሆናል።

ወጥመድ ሥሪለት። ሽሪምፕ የማታስገባ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ቁራሽ ጥሬ ሥጋ ጨምረሽ፣ ማታ መብራት ስታጠፊ አስገቢያት፣ ጠዋት በማለዳ ከነትሎቹ አውጫት። ወጥመድ ግን ቁጥራቸውን ይቀንሳል እንጂ ዘራቸውን አያጠፋም። በጣም ከበዙብሽ መፍትሔው ፌንቤንዳዞል ነው፣ ለውሻና ለከብት የሚሰጠው የትል መድኃኒት። በልኩ ከሆነ ሽሪምፕ ይችለዋል። አርቢዎች ዘንድ የተለመደው መጠን፣ በ1 ግራም ውስጥ 222 ሚሊ ግራም መድኃኒት ካለበት ዱቄት 0.1 ግራም ለ38 ሊትር ውሃ ነው። በማንኪያ ጫፍ ገምተሽ እንዳትጨምሪ፣ ወርቅ በሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን መዝኚው። ዱቄቱ በቀላሉ አይሟሟም፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር ደህና አድርገሽ በጥብጪው።

ቀንድ አውጣ ካለሽ ግን ቀድመሽ አውጪ። በተለይ ኔራይት የሚባሉት አይችሉትም፣ መድኃኒቱም አሸዋውና የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ትሉ ጠፋ ብዬ ከ3 ሳምንት በኋላ ቀንድ አውጣዎቼን መለስኩና ሁሉንም አጣኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሞቱት ትሎች ደግሞ በስብሰው አሞኒያ ስለሚያወጡ በማግስቱ በቱቦ ሳቢያቸው፣ ከውሃውም ሩቡን ቀስ እያልሽ ቀይሪ። እንቁላላቸው ከረጢት ውስጥ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ሊያመልጥ ይችላል፤ ለአንድ ወር ያህል ሌሊት ሌሊት እያበራሽ ተከታተዪ። ምግብም ቀንሺ፣ በጣም ቀንሺ። ሽሪምፖችሽ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልጨረሱትን አውጪው፣ ትሎቹን የሚቀልባቸው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አኳሪየሙ የልጅ ልጄ ቢሆንም ተንከባካቢው እኔ ነኝ። ለሽሪምፕ ግልገሎች ብለን ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ (ለምግብነት የሚፈለፈል ጥቃቅን የጨው ውሃ እንስሳ) መመገብ ከጀመርን ወዲህ ሞስ የሚባለው የውሃ ተክል ላይ ነጭ ክር የመሰለ፣ ጫፉ ላይ ጣት ጣት ያለው ነገር በቅሏል። ስነካው ኩምትር ይላል። ተክል ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ተክል አይደለም፣ ሃይድራ የሚባል እንስሳ ነው። ሲነኩት መኮማተሩን ልብ ማለትዎ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱ ነው የሚያስለየው። እርስዎ ጣት ብለው የጠሯቸው ነገሮች የሚናደፉ ክንዶቹ ናቸው። ትልልቆቹን ሽሪምፖች አይጎዳም፤ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል አዲስ ግልገል ግን ሊይዝ ይችላል። የበዛበትንም ምክንያት ራስዎ ነግረውኛል፣ አርቴሚያው ነው። ሃይድራ ሲጠግብ ከጎኑ ቡቃያ እያወጣ ይራባል። ስለዚህ አርቴሚያውን ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙት። ያለውን ደግሞ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ በአንድ ስበው ያውጡት። አይቁረጡት! አብርሃም ትሬምብሌ የተባለ የጄኔቫ ተወላጅ ሃይድራን እየቆራረጠ ቁራጮቹ ሙሉ ሆነው እንደሚያድጉ አይቶ በ1744 እ.ኤ.አ. ታሪኩን አሳትሟል፤ ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፣ ደስ ይለዋል። ሃይድራው አልጠፋም ካለ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት ፌንቤንዳዞል እሱንም ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ነጫጭ ነጥቦች ውሃው ውስጥ ይዘላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ዘር ፍሬ ክብ ሆነው መሬት ለመሬት ይሮጣሉ። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። የሚዘሉት ኮፔፖድ፣ ፍሬ የመሰሉት ኦስትራኮድ ናቸው። ሁለቱም የሽሪምፕ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፣ ማንንም አይነኩም። ከመጠን በላይ ከበዙ ምግብ አብዝተሃል ማለት ነው። ደግሞ አስተውል፣ አዲስ የተወለደች ሽሪምፕም ነጥብ ነው የምትመስለው። ጠጋ ብለህ ሳታይ በቱቦ እንዳትስባት።

ጥያቄ፦ አንዷ ሽሪምፕ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አወጣች። ሻጋታ ነው? ለአሳ የምጠቀምበት መድኃኒት አለኝ፣ ልጨምር?

መልስ፦ እባክህ አትጨምር። ለአሳ ከሚሸጡት መድኃኒቶች መዳብ ያለባቸው አሉ፣ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕ ይፈጃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ነጩ ነገር አፍንጫዋ ላይ እንደ አጫጭር ፀጉር ቆሞ ራሱን የሚያወዛውዝ ከሆነ ስኩታሪየላ የሚባል ጥገኛ ትል ነው። ጥጥ መስሎ ሌላም ቦታ ካለባት ቮርቲሴላ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ለሁለቱም ጨው ይሠራል። ከአኳሪየሙ ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ቅዳ፣ ምንም ያልተጨመረበት ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ አሟሟበት። ሽሪምፗን በመረብ ይዘህ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ንከራትና መልሳት። ጨውን አኳሪየሙ ውስጥ አትጨምር፣ ተክሎችህን ይጎዳል። የስኩታሪየላ እንቁላል ከቅርፊቷ ሥር፣ ስንጥቧ አካባቢ ስለሚቀመጥ ጨው አይደርሰውም፤ ቅርፊቷን ስትጥል ግን አብሮ ይወጣል። በሌላ ጊዜ የጣሉትን ቅርፊት ተውላቸው፣ ይበሉታል እላለሁ። አሁን ግን እንዳየኸው ልቀመው፣ ጨዉንም ከሳምንት በኋላ ድገምላት።

ጥያቄ፦ አዲስ ተክል ካስገባሁ በኋላ ቀጭን፣ 6 እግር ያላት፣ ጅራቷ ላይ 3 ቅጠል የመሰለ ነገር ያላት ነፍሳት አየሁ። ልተዋት?

መልስ፦ አትተያት! የውሃ ተርብ ዘመድ እጭ ናት። መንጋጋዋን ወደፊት ወርውራ ሽሪምፕ ትይዛለች፣ ትልቋንም ሳይቀር። መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ ዛሬውኑ በመረብ ወይም በወረንጦ አውጫት። ብዙውን ጊዜ ብቻዋን አትመጣም፣ እናቷ እንቁላሏን የምትጥለው ተክሉ ግንድ ውስጥ ነው። ተክሉን አውጥተሽ ሌላ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት አቆዪው፣ አኳሪየሙንም ማታ ማታ በባትሪ እያበራሽ ፈትሺ።