ያገለገለ መለዋወጫ እንዴት ይገዛል? ከሰሜን ሸዋ ባለመኪናዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በመካኒክነት ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሁሉም ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል። የአዲስ ዕቃ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ስላለው የመለዋወጫ ገበያ) እና ስለ ያገለገለ ዕቃ ነው የሚጠይቀኝ። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ የማውቀውን ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን፦ የትኛው ዕቃ ያገለገለ ቢገዛ ችግር የለውም? የትኛውስ ነው የማይገዛው?

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ራሴን የምጠይቀው። ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢበላሽ ምን ይሆናል? መኪናው ጥግ ይዞ ይቆማል ወይስ ገደል ይገባል?

በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ)፣ ስፖኪዮ (የጎን መስታወት)፣ መብራት፣ ወንበር፣ የበር መስታወት ያገለገለ ግዙ። ጉዳታቸው በዓይን ይታያል። ቸርኬም (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ይገዛል፤ ግን ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ጋ ወስዳችሁ አስዞራችሁ እዩት፣ ከተጣመመ ያስታውቃል። ሞተሪኖ (ሞተር አስነሺው)፣ ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው) ከተፈተሹ ይገዛሉ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶች መካከል ፍሳሽ የሚከላከለው)፣ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው)፣ የደህንነት ቀበቶና ኤርባግ ግን አዲስ ይገዛሉ። በዚህ አልደራደርም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ያገለገለው ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ካለፈ እኔ አልገዛም።

ከደብረ ሲና፦ የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ) ተበላሽቶብኛል። አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለ አግኝቻለሁ፣ ንጹሕ ይመስላል። ልግዛው?

አትግዛው ወንድሜ። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የራሴ ቶዮታ ዲኤክስ ላይ ያገለገለ የፍሬን ማስተር ገጠምኩ። ላዩ ጽድት ያለ ነበር። ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ምንም አላለኝም። ከዚያ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ጣርማ በርን ተሻግሬ ወደ እናንተ ስወርድ ፔዳሉ እግሬ ሥር ስምጥ አለ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ይይዝና መልሶ ይሰምጣል። ደግነቱ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወርደው፣ ሞተሩ ያዘልኝ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ በተራራው በኩል ጥግ አስይዤ አቆምኩ። እስክንረጋጋ ድረስ ማናችንም ቃል አልተናገርንም።

ዕቃውን ስፈታው ሲሊንደሩ ውስጡ ዝጎ ተቦርቡሯል። ጎሚኒውም (የውስጡ ጎማ) ደርቋል። ለካ ሰበቡ ይኸው ነው፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ማስተሩ ከመኪናው ወጥቶ ወራት ሲቀመጥ ያ እርጥበት ብረቱን ይበላዋል። ላዩን ቢወለውሉትም ውስጡ አይታይም። ከዚህ በላይ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነች። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይግላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም።

ለአዲስ ማስተር ገንዘቡ ከሌለህ የራስህን አስፈትተህ ሲሊንደሩን በብርሃን እይ። ጭረትና ዝገት ከሌለው አዲስ ጎሚኒ ብቻ አስቀይር። ዋጋው ከማስተሩ ጋር አይወዳደርም። ጭረት ካለው ግን አዲስ እስክትገዛ መኪናዋን አቁማት። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እናንተ አገር ላይ ተረት ብቻ አይደለም።

ከሸዋሮቢት፦ የቪትዜ የፊት መብራት ተሰበረ። ሶማሌ ተራ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ አስገጠምኩ፤ አሁን ግን ማታ ማታ ሁሉም ሹፌር በመብራት ይሰድበኛል። ምን አጠፋሁ?

የገዛኸው መብራት መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ ይመስለኛል። እንደ ጃፓንና እንግሊዝ ያሉ አገሮች በግራ ነው የሚነዱት። የእነሱ አጭር መብራት በግራ በኩል ከፍ ብሎ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለው ብርሃን ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። በብሎን ዝቅ ቢደረግም ቅርጹ አይስተካከልም። በሚቀጥለው ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቀህ አብራው። ብርሃኑ በቀኝ በኩል ከፍ ካለ የእኛ ነው፣ በግራ ከሆነ መልሰው።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ቪትዝ የምንላቸው ብዙዎቹ ያሪስ ናቸው። ሻንሲ ቁጥሩ (የመኪናው መለያ ቁጥር) በ«ጄ ቲ» የሚጀምረው ጃፓን የተሠራ ነው፣ በ«ቪ ኤን ኬ» የሚጀምረው ፈረንሳይ። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዳንድ ዕቃቸው አይገጥምም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥርህን በስልክህ ፎቶ አንስተህ ሂድ። የተሰበረውንም ዕቃ ይዘህ ሂድ። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የብሎን ቀዳዳውንና የሶኬቱን እግሮች ቁጠር።

ከሸኖ፦ ሞተር ልቀይር ነው። ያገለገለ ሞተር ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ ወረቀቱን እይ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ተጽፏል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ሞተር ከገጠምክ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ አይመሳሰልም፣ ቦሎ ለማግኘት ትንከራተታለህ። ሞተሩ ወርቅ ቢሆን እንኳ ወረቀት ከሌለው ተወው።

ከዚያ የዘይት ክዳኑን ክፈት። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮኑ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አስፈታና እያቸው፤ አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ የዚያ ፒስተን ፋሻ (ቀለበቱ) አልቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን በእጅ በቁልፍ አዙረው፣ የሚነክስበት ቦታ መኖር የለበትም።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ አስለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ አትደንግጥ። አንድ ደንበኛዬ በዚህ ምክንያት ጥሩ ሞተር መልሶ መጥቶ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ አትግዛ።

ሞተሩ ቺንጋ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ የዲኤክሱ 2ኢ ወይም የሚኒባሱ 5ኤል፣ ከመግጠምህ በፊት ቺንጋውን በአዲስ ቀይር። ሻጩ «ገና አዲስ ነው» ቢልህም ቀይር።

ከመሐል ሜዳ፦ ሚኒባሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አልነሳ ይላል። መካኒኩ ሞተሩ አርጅቷል፣ ያገለገለ ሞተር ግዛ አለኝ።

ቆይ ወንድሜ፣ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ካንዴሌታውን እይ። የናፍጣ ሞተር በውርጭ ጠዋት የሚነሳው በካንዴሌታ ሙቀት ነው። በመንዝ ብርድ ከአራቱ ሁለቱ ቢሞቱ መኪናው ይለግማል። የሚያገናኛቸውን ብረት ፍታ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ አምፖል አገናኝተህ በሌላው ጫፍ የእያንዳንዱን ራስ ንካ። አምፖሉ ከበራ ሽቦው አልተበጠሰም፣ ካልበራ ሞቷል። ይህን አዲስ ግዛ፣ ርካሽ ነው። ባትሪህንም አስለካ፣ አድሮ 12.6 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ቀኑ ሞቆ ሲውል ያለ ችግር የሚነሳ ከሆነ ሞተርህ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም።

ከዓለም ከተማ፦ የጀማን ዳገት ስወጣ ይፈላብኛል። ያገለገለ ራዲያተር ልግዛ?

ከራዲያተሩ በፊት ክዳኑን በአዲስ ቀይሪ እህቴ። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ በእኛ ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ። ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚያምቀው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከላላ ራዲያተሩ ምንም ቢሆን ይፈላል። ቴርሞስታቱንም «ለማቀዝቀዝ» ብለው አውጥተውት ከሆነ አስመልሺው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ራዲያተሩ ራሱ ከሆነ ያገለገለ መግዛት ይቻላል። አፎቹን ደፍነው በበርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው አየር ይንፉበት፣ አረፋ ካወጣ አትግዢ።

ከአጣዬ፦ ያገለገለ ጎማስ?

ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ ጥርሱ ቢሞላም ተወው። ቆላ ላይ የደረቀ ጎማ ይፈነዳል።

ከደብረ ብርሃን፦ ስፖኪዮዬ ተሰረቀ። ሰው በሩብ ዋጋ አመጣልኝ። ልግዛ?

አትግዢ። ዛሬ በሩብ ዋጋ የገዛሽው ከሌላ ሰው መኪና የተነቀለ ሊሆን ይችላል፣ እያወቁ የተሰረቀ ዕቃ መግዛትም ወንጀል ነው። ሱቅ ካለውና ደረሰኝ ከሚሰጥ ሰው ግዢ። ስትገዢ ደረሰኙ ላይ «ለሦስት ቀን ሙከራ» ብሎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ዕቃው ላይ ደግሞ ሻጩ እያየ በቀለም ምልክት አድርጊ። ያኔ ስትመልሺ «ይህ የእኔ አይደለም» ሊልሽ አይችልም። አዲሱ ስፖኪዮ ሲገጠም የሰሌዳ ቁጥርሽን መስታወቱ ላይ አስቀርጪ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ለባጃጅስ?

አካሉን፣ ወንበሩን፣ ታንኩን ያገለገለ ግዛ። የፍሬን ሸራውንና ኬብሎቹን አዲስ። ለሌላው ባጃጅህን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።