«ልጄ በእንቅልፍ ልቡ ይጮኻል፤ እኛም በእሱ ሰበብ ተኳርፈናል»

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ከተኛ በኋላ ብድግ ብሎ ይጮኻል። ዓይኑ ፍጥጥ ይላል፣ ላብ በላብ ይሆናል። እኔን በእጁ እየገፋ «እማዬ! እማዬ!» ይላል። ጠዋት ስጠይቀው ምንም አያስታውስም። ባለቤቴ «አሞላቀሽው፣ አውቆ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ፊቱ ላይ ውሃ ደፋበት፤ ጭራሽ ባሰበት። አማቴ ደግሞ ከአሰላ መጥተው «ልክፍት ነው፣ ጠበል ይግባ» ይላሉ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ልጁ አባቱን ሳያይ አይተኛም። አማቴ ከመጡ ወዲህ ማታ ቡና ይፈላል፣ እሱም በረካውን ይጠጣል። የሚተኛው 4 ሰዓት ነው። 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጮኻል። ሰርቪሱ ማልዶ ስለሚመጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እቀሰቅሰዋለሁ። መምህርቱም «ክፍል ውስጥ አይረጋም» ብላኛለች። ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው? እኔና ባለቤቴማ መነጋገር ካቆምን ሰነበትን።

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ስነሳ ልጅሽ እያበደም አይደለም፣ እያስመሰለም አይደለም። ተኝቷል። ዓይኑ ቢፈጥም፣ ቢጮኽም ተኝቷል። አንቺን እየገፋ አንቺኑ የሚጠራውም ለዚህ ነው፤ አጠገቡ መሆንሽን አያውቅም።

ይህ ከቅዠት ይለያል። ቅዠት የሚበዛው ወደ ንጋት ላይ ነው። የቃዠ ልጅ ይነቃል፣ «ጅብ አባረረኝ» ብሎ ይነግርሻል፣ እቅፍሽ ውስጥ ይገባል። ጠዋትም ያስታውሰዋል። የልጅሽ ግን የሌሊት ሽብር የምንለው ነው፤ የሚመጣውም ሌሊቱ ሳይጋመስ ነው። ልጆች በተኙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ከባድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አእምሮ ከዚያ እንቅልፍ ሲወጣ አንዳንዴ አወጣጡ ሙሉ አይሆንም። አፉ፣ እጁ፣ ልቡ ይነቃሉ፤ የሚያገናዝበውና የሚያስታውሰው ክፍል ግን እንደተኛ ይቀራል። 4 ሰዓት ተኝቶ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መጮኹ አልገረመኝም። ሰዓቱን መጻፍሽ ራሱ ብዙ ነገር ነገረኝ።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ስለዚህ ልጅሽ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ሲተኛ ከባዱ እንቅልፍ ይበረታበታል፣ ሽብሩም የሚነሳው ከዚያው ውስጥ ነው። መምህርቱ ያለችውም ከዚህ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ያዛጋል፣ ይደክመዋል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ስንቱ ልጅ «ረባሽ» ተብሎ ጥግ የቆመው እንቅልፍ አንሶት ይሆን?

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ጥፋተኛው እሱ ነው። ውሃ መድፋቱ በእርግጥ ጥሩ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ በግድ ለማንቃት መሞከር ግራ ያጋባዋል፣ ጩኸቱንም ያረዝማል። ግን ሌላ ነገርም አየሁ። ይህ ሰው ሙሉ ቀን ሱቅ ውሎ ልጁን የሚያገኘው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ብቻ ነው። ልጁም ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብሎ ዓይኑን እያሸ ይጠብቃል። አንቺ ነገ ተነስተሽ «ልጁ በጊዜ ይተኛ» ብትዪው የሚሰማው «ልጅህን አታየውም» ነው። ይጣላሻል፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ የአባትየውን ሰዓት ማታ ስትወስዱበት ጠዋት መልሱለት። ሰርቪሱ ማልዶ የሚመጣው ከተማውን ዞሮ ልጆች ስለሚሰበስብ ነው። ትምህርት የሚጀመረው 2 ሰዓት ከሆነ፣ ባለቤትሽ ራሱ በባጃጅ ቢያደርሰው ልጁ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ማታ 3 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ከገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነለት። አባትና ልጅ ደግሞ ቁርስ አብረው በልተው፣ እያወሩ ይሄዳሉ። በእንቅልፍ ከሚወድቅ ልጅ ጋር ማታ ግማሽ ሰዓት ከመቀመጥ ይሄ አይሻልም? የባጃጁ ሒሳብ የሚከብዳችሁ ከሆነ ሰርቪሱ ይቀጥልና 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛ። ይህን ስትነግሪው ከጥፋቱ አትጀምሪ። «ልጁ ጠዋት ካንተ ጋር መሄድ ይፈልጋል» ብለሽ ጀምሪ። ደግሞም እውነት ነው።

ቡናውን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። በረካ ቀጭን ነው ይባላል፤ ልጁም ቀጭን ነው። ቡና የሚያነቃው ነገር ከጠጣነው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ደማችን ውስጥ ይቆያል። ማታ 2 ሰዓት የተጠጣ ስኒ እኩለ ሌሊት ላይም ሥራ ላይ ነው። ቆሎውን ይብላ፣ ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ስኒው ይለፈው። ስልክና ቴሌቪዥንም ቢያንስ ከመኝታው አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ።

ሲጮኽ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙ ነገር አያስፈልግም። ደማቅ መብራት አታብሪ፣ «ምን ሆንክ?» እያልሽ አትጠይቂ፣ ካልፈለገ አትቀፊው። እንዳይወድቅ አጠገቡ ሁኚ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አለሁ» በዪው። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይረጋና ጋደም ይላል። እንዲህ ያሉ ልጆች ተነስተው ሊሄዱም ይችላሉ። የበሩን መቀርቀሪያ እሱ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት፣ ከሰል ምድጃና ስለት ያለው ነገር ከመንገዱ ይነሳ፣ ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ታች ይተኛ። አጎበሩን እንዳታነሺው፤ ትኩሳትም ይህን ሽብር ይቀሰቅሳል፣ አዳማ ደግሞ የወባ አገር ነው። እንዳይጠላለፍበት ጠርዙን ፍራሹ ስር ወተፍ አድርጊው።

በጊዜ መተኛት ጀምሮም ካልተወው አንድ ዘዴ አለ። የሚጮኽበት ሰዓት በየቀኑ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመሽ ትከሻውን ነካ ነካ አድርጊው። «እ?» ካለ ወይም ከተገላበጠ በቂ ነው፣ መልሶ ይተኛ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሳታቋርጪ ሞክሪው። የመኝታው ሰዓት ሲቀየር የጩኸቱም ሰዓት ስለሚቀየር መጀመሪያ ጥቂት ቀን አስተውዪ።

ጠዋት ደግሞ አትጠይቁት! እሱ የማያውቀውን ሌሊት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቁርስ ላይ ሲመረምሩት ልጁ የሚማረው መኝታን መፍራት ብቻ ነው። «ልክፍት» የሚለውንም ቃል ጆሮው ባይሰማው እመርጣለሁ። ጠበሉን አልቃወምም፤ እምነታችሁ ነው፣ ለአማትሽም ሰላም ይሰጣቸዋል። ግን ሌሊት 10 ሰዓት ተቀስቅሶ በባዶ ሆዱ የሚሄድ ከሆነ የጎደለው እንቅልፍ ላይ ሌላ ጨመርንበት ማለት ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ በቂ ተኝቶ ከነቃ በኋላ ይሂድ።

አማትሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ባለቤትሽ ልጅ እያለ በእንቅልፉ ይናገር፣ ይጮኽ፣ ተነስቶ ይሄድ ነበር? ይህ ነገር በዘር ይወርዳል። እሳቸው «ውይ፣ እሱማ አንድ ቀን ግቢው በር ላይ አገኘነው» ካሉ፣ የልክፍቱም የመሞላቀቁም ክርክር በአብዛኛው አበቃ ማለት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ይተዋቸዋል፤ አባቱ እንደተወው።

ሐኪም ማየት ያለበት መቼ ነው? ተኝቶ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም፣ ይጎዳል። ሰውነቱ ግትር የሚል ወይም በአንድ ዓይነት የሚንቀጠቀጥ፣ ምራቁ የሚዝረከረክ፣ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሳበት፣ ቀን ላይም በድንገት ፍዝዝ የሚል ከሆነ የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑ መለየት አለበት። በጊዜ ተኝቶ፣ ቡናውም ቀርቶ በአንድ ወር ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም ይህ ነገር የጀመረው አንድ ያስደነገጠው ነገር ከደረሰ በኋላ ከሆነም አትጠብቂ። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሕፃናት ሐኪሞች አሉ። ስትሄጂ የሚተኛበትን፣ የሚጮኽበትንና የሚነሳበትን ሰዓት የሁለት ሳምንት ጽፈሽ ያዢ። ሲጮኽ በስልክሽ አንዴ ቅረጪው፤ ሐኪሙ ከገለጻሽ ይልቅ ከቪዲዮው ብዙ ያያል። ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ግን አትላኪው።